የቅቤው ጓዳ

ሰው ማመስገን አይቀናኝም። ያመሰገንኳቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ስለዚህ ስለ ባለቤቴ የእህት ልጅ በጎ በጎውን ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ቶሎ አልታዘዘልኝም። ግን ስለ እሷ ካልጻፍኩ ስለ ማን እጽፋለሁ? በዚያ ቤተሰብ ውስጥ "አሞኛል" ስል ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹንም በየተራቸው አነሳቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልረሳሁም።

የሚያመኝ ራሴን ነው። ራስ ምታት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ሻይ ተጠጥቶበት፣ ትንሽ ጋደም ተብሎበት የሚተው ዓይነት። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። መጀመሪያ አንገቴ ይደነድናል፤ ሳይደክመኝ ደጋግሜ አዛጋለሁ። ቀጥሎ ብርሃን ያስጠላኛል። ከዚያ በግራ ዓይኔ ጀርባ አንድ ነገር መምታት ይጀምራል፤ ልቤ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። የሰው ኮቴ፣ የሳፋ ኳኳታ፣ ጎረቤት የሚቁላላው ሽንኩርት፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። አስመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው ጨለማና ዝምታ ብቻ ነው፤ በሰው ቤት ደግሞ ሁለቱም አይገኙም።

የተወለድኩት ከምባታ፣ ሺንሺቾ ነው። እናቴ ይህ ነገር ልጅ ሳለሁ ሲይዘኝ በሩን ዘግታብኝ ትሄድ ነበር። ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም፤ አለማውራቷ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደነበር የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው። ለትምህርት ሆሳዕና መጣሁ፣ እዚያው ተቀጠርኩ፣ እዚያው ትዳር ያዝኩ። ባለቤቴ የሀዲያ፣ የፎንቆ ሰው ነበር። እሱ በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ አፋችንን ፈታን፤ ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረውና የምንጣላው በአማርኛ ነበር።

በትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ርዕሰ መምህራችን ሕመሜን ከሰኞ ጋር አያያዘው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስንቆም ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ትገባለች፤ ብዙ ጊዜ የሚነሣብኝም ያኔ ነው። ሰውየው ግን "የመምህርታችን ራስ የሥራ ቀን ለይቶ ያውቃል" ብሎ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉንም አሳቀ። ከሳቁት አንዷ ዛሬ ጎረቤቴ ናት። ሰላምታ እሰጣታለሁ። ከዚያ አላልፍም።

መድኃኒት ያልሞከርኩበት ቦታ የለም። ራሴን ባመመኝ ቁጥር ታይፎይድ ነው እየተባልኩ የዋጥኩትን ክኒን እኔ ነኝ የማውቀው። መነጽር የሰጡኝ አሉ። በአዲሎ ገበያ በኩል የታወቀ ዋግምት አውጪ ነበር፤ "ደሙ እዚህ ጋ ተቋጥሮ ነው" ብሎ ግንባሬን በምላጭ በጣው። ጠባሳው አሁንም አለ። ሻሼን ዝቅ አድርጌ የማስረው ለዚህ ነው እንጂ ሰዎች እንደሚያወሩት ለጨዋነት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ግን ባዕዳን ናቸው። ባዕድ ያለው ነገር ዝናብ ሲመታው እንደሚታጠብ ጭቃ ነው። ያልታጠበልኝ በቤተሰብ የተባለው ነው።

መስቀል በሀዲያ ቀላል በዓል አይደለም። ሴቶቹ ከብዙ ወራት በፊት የቅቤ ማኅበር ይገባሉ፤ በየተራ አንዷ ከሁሉም እየተቀበለች ለበዓሉ ታጠራቅማለች። ቅቤው በሸክላ ማሰሮ ሆኖ ጓዳ ይቀመጥና ለዋዜማው አተካና ይሠራበታል፤ አተካና ማለት ቡላ በወተትና በቅቤ ሲገነፋ ነው። ከዚያ ደግሞ የሴቱም የሕፃኑም ራስ ይቀባበታል። ያ ሁሉ ጊዜ የቆየ ቅቤ ነው። ሽታው ከበር ላይ ይቀበላል። ለሚወደው ሰው መስቀል መጣ የሚያሰኘው እሱ ነው።

የባለቤቴ ወላጆች ቤት ፎንቆ ነበር፤ በዓሉን የምናከብረውም እዚያ ነው። ቅቤው የሚቀመጥበት ጓዳ መስኮት የለውም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨለማ ነው። አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ባገባሁበት ዓመት በመስቀል ዋዜማ ሲነሣብኝ፣ ጨለማ እንደምፈልግ አይተው እዚያ ጓዳ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው አስተኙኝ። ከማሰሮዎቹ አጠገብ። ከዚያም በገዛ እጃቸው ራሴን በዚያው ቅቤ ለቀለቁኝና በነጠላ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ሲብስብኝ ቅቤ ጨመሩ። አሁንም ሲብስብኝ አሁንም ጨመሩ። ቅቤ ለራስ ይበጃል ተብሎ ያደገ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? ማንም አልተጠራጠረም። እኔም አልተጠራጠርኩም።

ቃሉን የሰማሁት በዚያ ጓዳ በር በኩል ነው።

የባለቤቴን ታላቅ እህት ፊት ለፊት "እትዬ" እና "አንቱ" እላታለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ግን "እሷ" እላታለሁ። ወረቀቱ የራሴ ነው። ያኔም በቤቱ ውስጥ የምታዘው እሷ ነበረች፤ ባሏን ቀብራ ከልጇ ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ፣ እንሰት ከመፋቁ እስከ በዓሉ ድግስ ሁሉም በእሷ እጅ ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው ቡላውን እየገነፉ "ሙሽራዋ የት ናት?" ብለው ጠየቋት።

"ራሴን አመመኝ ትላለች" አለች። "ውሸቷን ነው። ከሥራ ለማምለጥ ነው። ነገ ሥጋው ሲደርስ ትድናለች።"

ሳቁ። ክፋቱ፣ በማግስቱ ሥጋው ሲደርስ እውነትም ተሽሎኝ ነበር። ይህ ሕመም አንድ ቀን ደብድቦ ይለቃል፤ ጠባዩ ነው። ይህን ለማን ላስረዳ? ከሰው ጋር ተቀምጬ ስበላ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ እንደዚያው ሆነ፤ ፎንቆ እንደደረስኩ ይነሣብኛል፣ ጓዳ እገባለሁ፣ ቅቤ እቀባለሁ፣ ከበሩ ወዲያ ይሳቃል። በመጨረሻ ልጆች እንኳ "የመስቀል በሽተኛ" ይሉኝ ጀመር።

ባለቤቴ ሰምቷል። መጀመሪያ የሰማ ዕለት ከብቶቹን ሊያይ ወጣ። በትዳራችን ዘመን ያ ሰው እህቱ በተናገረች ቁጥር ከብት አይቷል። ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

እኔ የፈለግኩት ይቅርታ አልነበረም። ይቅርታ በየእሑዱ ይባላል፣ ሰኞ ይረሳል። "ውሸቷን ነው" የተባለው በዚያ ቤት ነው፣ በእነዚያ ሴቶች ፊት ነው፣ በዚያች ሴት አፍ ነው። እዚያው ቤት፣ እነዚያው ሴቶች ፊት፣ እሷው ራሷ እንድታነሣው ፈለግኩ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። በልቤ ግን ከማንኛውም ጸሎቴ በላይ የደጋገምኩት እሱን ነው።

ልጇ ያኔ ገና ትምህርት የጀመረች ነበረች። እኔ ጓዳው ውስጥ ስተኛ ቀስ ብላ ትገባና ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። አትናገርም፣ አትነካኝም፣ "እንዴት ነሽ" አትልም። በጨለማው ውስጥ ትንፋሿን ብቻ እሰማለሁ። እናቷ ስትጠራት ሮጣ ትወጣለች፤ ስትወጣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ትዘጋዋለች። ይህች ልጅ የእናቷን ልብ አልወረሰችም ብዬ ደስ አለኝ። አዘነችልኝ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ የተሳሳትኩትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ልጅቷ ሕክምና ተማረች። ተመርቃ ሌላ ቦታ ጥቂት ሠርታ ሆሳዕና ተመለሰች። እኔ እሷ ዘንድ ለመታከም አልሄድኩም። የዚያች ሴት ልጅ ፊት ቁጭ ብዬ "አሞኛል" ማለት አልሆነልኝም። አንድ እሑድ ግን ቅዳሴ ላይ ሳለሁ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዓይኔን ወጋኝና እጄን ዓይኔ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ስታየኝ ኖሯል። ተከትላኝ ወጣች፤ ክንዴን ያዘች፤ ቤቴ አደረሰችኝ። መጋረጃውን ዘጋች፣ ባልዲ አጠገቤ አስቀመጠች፣ ሄደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የጠየቀችኝ በማግስቱ ተመልሳ መጥታ ነው። ሐኪም ሁሉ ይህን ቢያውቅ ኖሮ የስንቱ ሰው ጩኸት በቀረ ነበር።

"አክስቴ፣ ከመጀመሩ በፊት ታዛጊያለሽ?" አለችኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ታይፎይድ ተጠይቄያለሁ፣ ስለ ቡዳ ተጠይቄያለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ስለ መጣላቴ ተጠይቄያለሁ። ማዛጋቴን ግን ማንም አልቆጠረውም። እንባዬ መጣ፤ መለስኩት። አዎ አልኳት። ስለ አንገቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሽታ ጠየቀችኝ፣ እናቴን ያማት እንደ ነበር ጠየቀችኝ። ከዚያ ስሙን ነገረችኝ፤ ማይግሬን። ስሙን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ፣ ሀብታሞች የሚታመሙት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን ስጠይቃት ሳይንስ አስተማሪ መሆኔን አልረሳችም። ተማሪዎቼን ነርቭ ምን ይሠራል ብዬ እንዳስተማርኳቸው ጠየቀችኝ። ከእጅ ወደ አንጎል መልእክት ያደርሳል፣ ከአንጎል ወደ እጅ ትእዛዝ ያመጣል፣ እንደ ስልክ ሽቦ ነው አልኳት። መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ እኔ አልፈለሰፍኩትም። ትክክል ነው አለች፤ ግን ሽቦው ሌላም ሥራ አለው።

የነገረችኝን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ሕመም የሚሰማው ነርቭ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። በውስጣቸው የፕሮቲን ዘመድ የሆኑ አጫጭር ሰንሰለቶች ተከማችተዋል፤ ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ። አንድ ነገር ነርቩን ሲያስነሣው ወደ አንጎል "አመመ" ብሎ ይልካል፤ እዚያው በዚያው ደግሞ ጫፉ ባለበት ቦታ እነዚህን ያፈስሳል። ያን ጊዜ በአካባቢው ያለው የደም ሥር ይሰፋል። ግድግዳው ውሃ ማሳለፍ ይጀምራል። አጠገቡ ያሉ ሕዋሳትም ተነሥተው የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይበልጥ ያማል። ቁስል ሲቆጣ የምናየው ነገር ነው። ግን ይህን ለማምጣት ቁስል አያስፈልግም፣ ጀርምም አያስፈልግም። ነርቩ ብቻውን ይበቃል።

አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም አለችኝ። የሚሸፍነው ልባስና በልባሱ ላይ የሚሄዱት የደም ሥሮች ግን ይሰማቸዋል፤ ፊትን የሚያገለግለው ትልቅ ነርቭ ወደ እነሱም ይዘረጋል። ማይግሬን ባለበት ሰው ይህ ነርቭ እንቅልፉ ቀላል ነው። ሌላውን ሰው የማይቀሰቅስ ነገር ይቀሰቅሰዋል፤ ሲነሣም በእነዚያ የደም ሥሮች ዙሪያ ሰንሰለቶቹን ያፈስሳል። የልብ ምት እንኳ ሕመም ሆኖ የሚሰማው ያኔ ነው።

እየሰማኋት እጆቿን አየሁ። ስትናገር አይወራጩም። ለተማሪ እንደምትናገር ሳይሆን ለባልደረባ እንደምትናገር ነው የተናገረችኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስለ ነርቭ ያስተማርኩት ግማሹን ብቻ መሆኑን ከሌላ ሰው ብሰማ እናደድ ነበር። ከእሷ ስሰማ እንደገና መማር አማረኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የተመራማሪዎቹን ስሕተት ስትነግረኝ ነው። መጀመሪያ ከእነዚህ ሰንሰለቶች አንደኛውን ጠረጠሩት። የሚዘጋ መድኃኒት ሠሩለት። ራስ ምታቱ ግን ግድም አልሰጠው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ዞሩ፣ የደም ሥርን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሰፋው። ሕመሙ ሲነሣ በደም ውስጥ በዝቶ አገኙት። ማይግሬን ላለበት ሰው በደም ሥሩ ሲሰጡት ሕመሙን አመጣው። ሲዘጉት ብዙዎች ቀለላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ታዲያ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው አልኳት። "እሱን ገና በደንብ አናውቅም፣ አክስቴ" አለችኝ።

አናውቅም። ባለ ምላጩ እርግጠኛ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እርግጠኛ ነበር። የባለቤቴ እህት ከሁሉም በላይ እርግጠኛ ነበረች። ያን ሁሉ የምታውቀው ይህች ልጅ ብቻ "አናውቅም" አለችኝ።

ያንን ሰንሰለት የሚዘጋው አዲሱ መርፌ በእኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም አለችኝ፤ አላባበለችኝም። ያለውን ሰጠችኝ። ለደም ግፊት የሚታዘዝ የቆየ ክኒን በየቀኑ በጥቂቱ፣ ሌላ ደግሞ አንገቴ መደንደን ሲጀምር ሳልዘገይ የምውጠው ማስታገሻ። ሕመሙ አልጠፋም። ተራራቀ፤ ሲመጣም ትሕትና ተማረ።

ከሁሉ የሚብስብሽ የት ነው ስትለኝ ፎንቆ አልኳት። ሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ጓዳው ውስጥ? ከቅቤው ጋር?" አለች፤ ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። ኃይለኛ ሽታ አንዳንዱን ሰው ይቀሰቅስበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሕመሙ ቀድሞ ጀምሮ ነው ሽታው የሚከብደው፤ የቱ እንደሚቀድም በእኔ ላይ መለየት አልቻለችም። ለማንኛውም አለች፣ "ጨለማው መድኃኒትሽ ነበር። ቅቤው ደግሞ ያብስብሽ ነበር። ሁለቱን በአንድ ክፍል ሰጡሽ።"

ያን ጊዜ የልቤን ነገርኳት። በማኅተም ጽፈሽ ስጪኝና ለእናትሽ ይነበብላት አልኳት። አይሆንም አለች። እናቷ ማኅተም እንደማታምን፣ የምታምነው በእጇ የነካችውን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ለመስቀል አብረን ፎንቆ እንድንሄድ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ረግጬው አላውቅም ነበር። እምቢ አልኩ። ክኒኑን በቦርሳዋ እንደምትይዝ፣ አጠገቤ እንደምትሆን ነገረችኝ። አሁንም እምቢ አልኩ። በዋዜማው ጠዋት መኪና ይዛ በሬ ላይ ቆመች፤ ጥሩንባ አልነፋችም። ጥሩንባ ብትነፋ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ስንደርስ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ከድሮዎቹ የቀሩትና የድሮዎቹ ልጆች። የባለቤቴ እህት በመካከላቸው ከድንጋዩ ፊት ተንበርክካ ዳጣ ትፈጫለች። ስለ ዳጣዋ መዋሸት አልችልም። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን በወፍጮ ቤት አታስነካም፤ በድንጋይ ነው፣ በእጇ እየሰበሰበች፣ እየገለበጠች። ከሆሳዕና ሳይቀር የሚልኩባት አሉ። ይህን ያህል አርጅታም ትከሻዋ እንደ ወጣት ይሠራል። እጆቿ ከጣት እስከ አንጓ ቀልተው ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ይሆናሉ፤ ፈጭታ ስትጨርስ ማታውን ሙሉ እርጎ ውስጥ ነክራቸው ትቀመጣለች።

ቀና ብላ አየችኝ። "መጣሽ መምህርት? ጓዳሽ ተነጥፎልሻል" አለች። ሳቁ።

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎት" አልኳት። አንገቴ መደንደን ጀምሮ ነበር፤ የቅቤው ሽታ ግቢው ድረስ ወጥቷል።

ልጇ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከእናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ እጅሽን እስቲ አሳዪኝ።"

"ምን ልታደርጊለት?"

"ቀልቷል።"

"ዳጣ ነዋ። ዛሬ ነው ያየሽው?"

"የት ጋ ተቆረጥሽ?"

"ማን ተቆረጥኩ አለሽ?"

"ታዲያ ሳትቆረጪ፣ ሳትቆስዪ ምንሽን ነው የሚያቃጥልሽ?"

እናትየው ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ይቺን ነው ሐኪም ሆነች ብላችሁ ያስጨፈራችሁኝ?" ሴቶቹ ተንከተከቱ። ልጅቷ አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ገልብጣ መዳፉን አየች፤ መልሳ ጀርባውን አየች።

"ውሸትሽን ነው" አለች። "ቁስል የለም። ደም የለም። ከሥራ ለማምለጥ ነው።"

 ያቺ ሴት በሕይወቷ ብዙ ተብላለች፤ ከሥራ ታመልጣለች ያላት ግን የለም። ፊቷ ከእጇ ይበልጥ ቀላ። "እኔን?" አለች። "እጄ እየነደደ? ነይ፣ አንቺ ፍጪውና እዪው። እጄ አይዋሽም።"

"አይዋሽም" አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ለእኔ የነገረችኝን ለእናቷ ነገረቻት፤ ግን ያለ ከረጢቱ፣ ያለ ሰንሰለቱ። ቃሪያው እጇን እንዳላቆሰለው፣ ነርቩን ብቻ እንደነካው፤ ነርቩ ግን የራሱን ነገር ከውስጥ እንዳፈሰሰ፣ ያቀላውም ያሞቀውም እሱ እንደሆነ። ሴቶቹ እየቀረቡ መጡ። አንዷ የራሷን እጅ አየች።

"ያው እሱ ነው በአክስቴ ራስ ውስጥ የሚፈስሰው" አለቻት። "የአንቺን ቃሪያ ያስነሣዋል፣ የእሷን ሌላ ነገር። ልዩነቱ አንቺ እጅሽን እርጎ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። እሷ ራሷን የት ትንከረው?"

"እሷ ናት ይህን የሞላችሽ።"

"አይደለችም። እኔንም ያመኛል።"

እናትየው የያዘችውን መፍጫ ድንጋይ አስቀመጠች።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ያመኛል፣ እማ። ጓዳ የምገባው እሱን ለመደበቅ ነበር። አክስቴ ጋ ጨለማ ስለነበረ ነው የምገባው። ላንቺ አልነገርኩሽም። ስለ እሷ የምትይውን እሰማ ነበራ። ስለ እኔም ያንኑ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ ያዘነች ልጅ ነበረችኝ ብዬ ኖሬአለሁ፤ ለካ የመጣችው ለራሷ ራስ ነው። ቅሬታው ግን ብዙ አልቆየም። ይህች ልጅ እኔን ጓዳ የሚያስገባኝን ሕመም ተሸክማ መጽሐፍ አንብባለች፣ ፈተና ተቀምጣለች፣ በሽተኛ አክማለች። ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም ስላላወቀ ነው። እኔ ቂም ስይዝ እሷ ነገሩ ምን እንደሆነ ልታውቅ ሄደች። ካዘነልኝ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለች ሰው አጠገቤ ተቀምጣ እንደነበር ማወቅ ይሻለኛል።

እናትየው ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። እርጎ ይዛላት የመጣችውን ሴት በክንዷ ገፋ አደረገቻት።

በዚህ መካከል ነው የእኔ የተነሣው። ልጅቷ ፊቴን አይታ ተነሣች፤ ክኒኑን ሰጠችኝ፤ ወደ ቤት ይዛኝ ገባች። ጓዳው በር ላይ ስንደርስ ሽታው አቆመኝ። የባለቤቴ እህት ከኋላችን መጣች። "ቁሙ" አለች። ጓዳው ውስጥ ገብታ የመጀመሪያውን ማሰሮ አቅፋ ወጣች። ወደ ራሷ መኝታ ክፍል ወሰደችው። ተመለሰች። ሴቶቹ ሊያግዟት ሲመጡ ከለከለቻቸው። ሁሉንም በእነዚያ በሚነዱ እጆቿ አንድ በአንድ አቅፋ አወጣች፤ የማሰሮው ቅዝቃዜ ሳያስታግስላት አልቀረም ብዬ አስባለሁ፣ ግን ለዚያ ብላ አልነበረም። ጓዳውን ጠረገች። ምንጣፉ ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘረጋች። እኔን አላየችኝም፣ እኔም አላየኋት። በሩን ዘጋችው።

ጨለማው ውስጥ ተኛሁ። ግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይሸታል፤ የዚያን ሁሉ ዘመን ቅቤ መቼም በአንድ ቀን አይለቅም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማው ያለ ቅቤው ደረሰኝ። ልጅቷ እንደ ድሮው ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ ሌሎች ሴቶች በጫጫታ ገቡ፤ ከገበያ የመጡ መሆናቸው ነው፣ የሆነውን አላዩም። አንዷ እየሳቀች "የመስቀል በሽተኛዋ መጥታለች አሉ!" ስትል ሰማሁ።

"ድምፃችሁን ቀንሱ" አለች የባለቤቴ እህት። "አሟታል።"

"ማንን?"

"የወንድሜን ሚስት። ስትናገር የኖረችው እውነቷን ነው።"

 ግድግዳው ሥር ያለው ትንፋሽ ለአፍታ ቆመ፤ ልጅቷም ሰምታለች።  ራሴ እየመታ ስለነበር ደስታውን በሚገባ አላጣጣምኩትም፤ ይህም የእኔ ዕድል ነው። ግን ሰማሁት። በዚያ ቤት፣ በሴቶቹ ፊት፣ በእሷ አፍ።

በማግስቱ ሥጋው ሲደርስ ተሽሎኝ ወጣሁ። የባለቤቴ እህት ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሥጋው ሸተታት" አለች። ሁሉም ሳቁ። ልጇም ሳቀች። ይህችን እስክትሞት እንደማትተዋት አውቃለሁ፤ እኔም እንድትተዋት አልጠበቅኩም። ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ተቀመጥኩ። እጇ አሁንም ቀልቷል። በዚያ እጅ ከዳጣው ቆንጥራ ከሳህኔ ጥግ አስቀመጠችልኝ።

ዳጣው ግሩም ነበር። አልነገርኳትም። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃታል።